በሁዳዴ የተመዘነ ጓዳ

ባሌን ዱባለን መካከለኛ ሰው ነው ብሎ የፈረደው ሚዛን ያንጠለጠለ ጎረምሳ ነው። እኔ ጽጌሬዳ ከዚህ ሰው ጋር ስኖር ብዙ ነገር ብዬዋለሁ። ግትር ብዬዋለሁ፣ ሲብስብኝ ድንጋይ ብዬዋለሁ፣ አንዴማ እናቱ ፊት ግንድ ብዬዋለሁ። መካከለኛ ግን ብዬው አላውቅም። እንዴ! የሰው ባል መካከለኛ ይባላል?

ዱባለ ከቢቸና መርካቶ የመጣው ጢሙ ገና ሳያቀመቅም ነው። መጀመሪያ በጀርባው ጆንያ ተሸከመ። ኋላ የጌታ ዘውገ ስኳር መጋዘን ገባና ጆንያ የሚደረድሩት ሰዎች አለቃ ሆነ። አለቃ ስል ወንበር ያለው እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ሌሎቹ ይሸከማል፣ ከሌሎቹ የሚለየው ጆንያው ሲወድቅ የሚሰደበው እሱ በመሆኑ ነው።

ይህ ሰው አንድ አመል አለው። ማታ ሥራ ሲያበቃ መጋዘኑ በር ላይ ይቆምና ካፖርቱን አውልቆ ያራግፋል። ኪሶቹን ይገለብጥና በጥፊ ይመታቸዋል፤ የሱሪውን እጥፋት ሳይቀር ፈትቶ ያራግፋል። ማንም አላዘዘውም። ስኳር ሲሸከሙ መዋል ማለት ስኳር ለብሶ መዋል ነው፤ ሌሎቹ እንዲሁ እንደ ዱቄት ነጭ ሆነው ቤታቸው ይገባሉ። እሱ ግን «ቅንጣት ተሳስታ ብትከተለኝስ?» ይላል። እኛ ቤት ደግሞ ስኳር ስለሚያልቅ ሻይ በባዶው የምንጠጣበት ጊዜ ብዙ ነው! በዚህ ነገር ስንቴ ተጣልተናል። «ጽጌ» ይለኛል፣ «ርስት የለኝ፣ ከብት የለኝ። ያለኝ ስሜ ነው። እሱን ደግሞ ጉንዳን አልጎትትበትም።» እውነት ለመናገር፣ እየተናደድኩም ቢሆን በዚህ ነገሩ እኮራበት ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ላይ ጌታ ዘውገ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። መጋዘን እዚህም አላቸው፣ ድሬዳዋም አላቸው። ለሁሉም ሠራተኛ እኩል መክፈል ልክ አይደለም፤ ኑሮ በተወደደበት አገር ይጨመር፣ በረከሰበት ይቀነስ አሉ። ታዲያ የት ተወደደ፣ የት ረከሰ? ይጠና ተባለ። ለጥናቱ ከንግድ ትምህርት ቤት የወጣ አቶ በሪሁን የሚባል ልጅ ተቀጠረ። በየአገሩ አንድ መካከለኛ ሠራተኛ ይመርጣል፣ ቤቱ ሄዶ የሚበላውን ይመዝናል፣ ደመወዙ በዚያ ይቆረጣል። አለቀ።

መርካቶ ላይ ሠራተኛውን ሁሉ አሰልፎ መረመረ። ዱባለ በደመወዝ መሀል ላይ ዋለ፣ በልጅ ብዛት መሀል ላይ ዋለ፣ በዕድሜም መሀል ላይ ዋለ። አፉ የማያርፈው ጓደኛው አሸብር «በቁመትም ልክ ነው፤ ሁልጊዜ ጆንያ አብሬው ስለማነሣ አውቃለሁ» ብሎ መሰከረበት። እንግዲህ መርካቶ ማለት እኛ ሆንን። የእኛ ጓዳ የሠራተኛው ሁሉ ጓዳ ሆነ።

በሪሁን እኛ ቤት የመጣው የደብረ ዘይት ሰሞን ነው፤ ሁዳዴ እኩሌታው ላይ። ቀጭን፣ ከንፈሩ በጾም የደረቀ፣ ደህና አስተዳደግ ያለው ልጅ ነው። ወንበር ሰጥቼው ተቀመጠ። ውሃ ብለው «ገና አልፈታሁም» አለኝና ሚዛኑን ምሰሶው ላይ ሰቀለ።

«ወይዘሮ ጽጌሬዳ፣ ቅቤ በሳምንት ምን ያህል ይጨርሳሉ?»

«ቅቤ? ኧረ ስመ ሥላሴ!»

«የለም ማለት ነው። ሥጋስ?»

«እግዚኦ በሉ እንጂ!»

«እሱም የለም። ወተት? እንቁላል?»

አማተብኩበት። የለም፣ የለም ብሎ ያዘው። ሽሮውን መዘነ፣ ጎመኑን መዘነ፣ የኑጉን ዘይት በብርሌ ለካ። ያን ሳምንት እየተመላለሰ እንጀራውን ሳይቀር እየሰቀለ መዘነ። እኔም ጾመኛ፣ እሱም ጾመኛ፤ ሁለታችንም ጾም ውስጥ ተቀምጠን ጾም መሆኑ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ሲጨርስ «በጣም ጥሩ ቤት ነው፤ ወጪ የለውም» አለኝ። እኔ ሞኟ ባልትናዬን ያመሰገነ መስሎኝ እስከ በር ሸኘሁት።

ከዚያ ሚዛኑን አንጠልጥሎ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ወረደ። የሕማማት ሰኞ የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፈለቀ ሠራተኛውን ሰበሰቡና ውጤቱን ተናገሩ። ድሬዳዋ ኑሮ እሳት ሆኗል፤ የዚያ አገር መካከለኛ ሰው በሳምንት አንድ በግ ካልጨረሰ ነፍሱ አይቆምም። መርካቶ ግን ኑሮ ረክሷል፤ የመርካቶ ሰው ሥጋም ቅቤም ወተትም ሳያምረው በሽሮና በጎመን ደስ ብሎት ይኖራል። ስለዚህ ለድሬዳዋዎች አርባ አምስት የነበረው ስድሳ ብር ይሁን፣ ለመርካቶዎች አርባ አምስት የነበረው ሠላሳ ሁለት ይሁን።

ዱባለ ይህን ሲነግረኝ ደሜ ፈላ። «ድንቄም ጥናት! የኔን ሽሮ ቀምሶ ነው ኑሮ ረከሰ ያለው?» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። እሱ ቁጭ ብሎ ጫማውን ይፈታል። «ደመወዝ ይወጣል ይወርዳል» አለኝ። «ስም አይቀነስብኝ እንጂ ሌላውን እንችለዋለን።» ድንጋይ! እኔ ለልጆቹ የትምህርት ቤት፣ ለቤት ኪራይ፣ ለጤፍ እያልኩ አእምሮዬ ሲዞር እሱ ስሙን ይጠብቃል።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት አንድ እንግዳ በራችንን አንኳኳ። ባህረዲን ይባላል፤ የድሬዳዋው መካከለኛ ሰው ነው። ከዕቃ ጋር በባቡር መጥቶ፣ ቤታችንን አጠያይቆ፣ አንድ ዘንቢል ብርቱካን ተሸክሞ ደረሰ። ገብቶ ከመቀመጡ አንገቱን ደፋ።

«እህቴ፣ ወላሂ አፍሬ ነው የመጣሁት። ከናንተ ተቀንሶ ለእኛ ተጨመረ። እኔ ግን በየሳምንቱ በግ አልበላም! ከየት አምጥቼ?»

«ታዲያ ሰውየው ምን አይቶ ነው?» አለ ዱባለ።

«የመጣው በአረፋ ማግስት ነዋ! የራሴም፣ ዘመድ የላከልኝም ሥጋ ቤት ሞልቷል። በዓል ነው ብለው ‹ኑሮ ነው፣ አይደብቁ› አለኝ። ራሱ ጾመኛ ነው፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ነው የመዘነው።»

እኔ እጄን በአፌ ጫንኩ። «በሁዳዴ!» አልኩ። «እኛን በሁዳዴ መዝኖ እናንተን በአረፋ!» ዱባለ ጣራውን አየ። ባህረዲን አንድ ጊዜ ሳቁ አመለጠው፣ ወዲያው ግን አፈረና ብርቱካኑን ወደ ልጆቹ ገፋ።

በማግስቱ ከስግደት መልስ አሸብርና ሌሎቹ ተሰብስበው አቶ ፈለቀ ቤት ድረስ ሄዱ። አቶ ፈለቀም ጾመኛ ናቸው፤ ሲነገራቸው አገጫቸውን ያዙ። «እውነትም ጾም ነበር» አሉ። ግን የተማረ ሰው ያጠናውን በአንድ ቃል ማፍረስ ከበዳቸው። «በፋሲካ ሳምንት እንደገና ይመዘን» ብለው ገላገሉ።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ዱባለና ሰባት ጓደኞቹ ለፋሲካ በቅርጫ በሬ ገዝተዋል፤ ስምንት መደብ ተደርጎ በዕጣ የሚከፋፈል። አሸብር ምን አለ? «የሚመዘነው የዱባለ ቤት ነው። ስምንቱም መደብ ዱባለ ቤት ይደር! ረከሰ ካሉን ይኸው ይወደድላቸው!»

ዱባለ «ያልበላሁትን በላሁ አልልም» አለ።

«አንተ ምን በል አለህ? ዝም በል። ሥጋ ማሳደር ውሸት ነው?»

ዱባለ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል እሺ ማለቱ ይሁን እንቢ ማለቱ እኔ ሚስቱ እንኳ ለይቼ አላውቅም። ስለዚህ እኔ በሩን ከፈትኩና «ይግባ!» አልኩ። አልጸጸትም። ሠላሳ ሁለት ብር ይዞ ሦስት ልጅ ያሳደገ ሰው ካለ እሱ ይውቀሰኝ።

ገባ። አቤት ሥጋ! ቤታችን አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ዘርግተን እንዳይበላሽ ቋንጣ ዘለዘልን፤ ጎድኑን በየምስማሩ ሰቀልን። የሰባቱ ሚስቶች ደግሞ የፋሲካ ሥጋቸውን ሰው ቤት ጥለው ሊሄዱ ልባቸው እንቢ አለ። የአሸብር ሚስት ያለምወርቅ ቀይ ክር አምጥታ በእያንዳንዱ የሥጋዋ ጫፍ ላይ አሰረች። «ስለማላምንሽ አይደለም፣ እንዳይምታታ ነው» አለችኝ። አይደል እንዴ! ሌላዋ አረንጓዴ አመጣች፣ ሌላዋ ጥቁር፣ አንዷ ክር አጥታ የቀሚሷን ጥለት ቀድዳ አሰረች። ቤቴ የሸማኔ ቤት መሰለ።

ሰኞ በሪሁን ሲገባ ጎድኑ ግንባሩን መታው።

«ይህ ሁሉ... የናንተ ነው?»

«ቤት ውስጥ ያለ የማን ሊሆን ኖሯል?» አልኩት።

«ክሩስ ምንድን ነው?»

«ለቡዳ ነው።»

«ሰባት ዓይነት ክር?»

«መርካቶ ቡዳው ብዙ ነው» አልኩት።

እሺ ብሎ መመዘን ጀመረ። ሰኞን መዘነ፣ ማክሰኞን መዘነ። ያኔ ያጎረስኩት ጉርሻ ይሁን ጾም መፍታቱ፣ ልጁ ጉንጩ ሞላ፤ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ማለቱን ትቶ እትዬ ጽጌ አለኝ፣ እኔም አንተ አልኩት። ማታ ማታ ሰባቱም ሰዎች ሚስትና ልጅ ይዘው ይመጣሉ። ሊጠይቁን አይደለም፣ ሥጋቸውን ሊጠይቁ ነው። እያንዳንዱ በገዛ ክሩ ሥር ይቀመጣል፤ ያለምወርቅ ቀና ቀና እያለች ቋንጣዋን ትቆጥራለች። በሪሁን «እንግዳ ይበዛባችኋል፣ እሱም ወጪ ነው» እያለ የእንግዳውንም እንጀራ ይመዝናል። ያለምወርቅ ከራሷ ሥጋ ቆርጣ ለልጇ ስትሰጥ፣ በሪሁን በጆሮዬ «ደፋር እንግዳ ናት» አለኝ። ዱባለ በዚህ ሁሉ መሀል ጥጉን ይዞ ሽሮ ይበላል። በፋሲካ! «ክር ያለበት ሥጋ ከጉሮሮዬ አይወርድም» ይለኛል። ሞት ይርሳኝ፣ ድመቷም ነበረች፤ የእኛን መደብ ግማሹን የጨረሰችው እሷ ናት።

ረቡዕ በሪሁን ሚዛኑን ይዞ ሄደ። ሐሙስ የዱባለን ምሳ ይዤ መጋዘን ስደርስ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ አቁሞ ግቢው ውስጥ ቆሟል። አቶ ፈለቀ መሀል ላይ ናቸው፣ ዱባለ ፊታቸው ነው፣ በሪሁን ጎናቸው ነው።

«አርባ አምስት ብር የወር ደመወዝ» ይላሉ አቶ ፈለቀ፤ «በሳምንት አንድ በሬ! ዱባለ፣ በደመወዝህ የበሬውን ጭራ አትገዛም። ቀሪው ከየት መጣ?»

ዱባለ ወደ ጓደኞቹ አየ።

«ግራ ቀኙን ሳየው እዚህ ያለው ስኳር ብቻ ነው። ስኳር ነው በሬ የሆነው?»

አፈር ልብላ! ኑሯችን ተወደደ እንዲባል ፈልገን ባሌ ሌባ ተባለ። ዱባለ አንድ ቃል ቢተነፍስ ይድናል፤ ግን ሥራ አስኪያጁን ያታለሉት ሰባቱ ጓደኞቹ እንጀራቸው ይቆረጣል። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ያን ፊት አልረሳውም። ከዚያ እጁን ሰደደና፣ በየማታው እንደሚያደርገው፣ ሁለቱንም ኪሶቹን ገለበጠ። ባዶነታቸውን ሊያሳይ ነው።

ቀን ነበራ! ከጠዋት ጀምሮ ጆንያ ሲሸከም ውሏል፤ የሚያራግፍበት ሰዓት አልደረሰም። ከሁለቱም ኪስ ስኳር ፍስስ አለ።

«ይኸው!» አሉ አቶ ፈለቀ።

ዱባለ መሬት ላይ የወደቀውን ስኳር ያያል። በሕይወቴ ሰው እንዲህ ሲያፍር አላየሁም፤ ምንም ያላደረገ ሰው! ምሳውን አስቀምጬ ልጮህ ስል አሸብር ቀደመኝ። ወጥቶ ዱባለ ጎን ቆመና የራሱን ኪስ ገለበጠ። ፍስስ። ሌላውም ወጣ፣ ገለበጠ። ፍስስ። ሁሉም ገለበጡ። በሪሁን ግራ ገብቶት የራሱን ኮት ኪስ ቢገለብጥ ከሱም ወደቀ፤ እዚያ ቆሞ ስለዋለ ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ የዱባለን ስኳር በመዳፉ ሰበሰበና ሚዛኑ ላይ አደረገው። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም።

«ቀይ ክር ያለው ሥጋ የኔ ነው» አለ አሸብር። «አረንጓዴው የኔ» አለ ሌላው። ጥቁሩ፣ ቢጫው፣ ጥለቱ ሳይቀር ባለቤት አገኘ። «የቅርጫ በሬ ነው ጌታዬ። እሱ አንዲት ቁራጭ አልቀመሰም። ያባርሩን እንደሆነ ያባርሩን።»

አቶ ፈለቀ ስምንት ሰው አባርረው ጆንያ የሚሸከምላቸው ከየት ያመጣሉ? ተቆጡ፣ ተሳደቡ፣ ደከማቸው። በሪሁን ግን ፊቱ በርቷል። «በሬው ለስምንት ከተካፈለማ አማካዩ ተገኘ!» አለ። እዚያው ቆሞ አሰላ። በሬውን ለስምንት አካፈለ፣ የሁዳዴውን ሽሮ ደመረ፣ ዓመቱ እኩል ጾም እኩል ፍስክ ነው ብሎ ለሁለት ከፈለ። የመርካቶ መካከለኛ ሰው ኑሮ ስንት ቢወጣ ጥሩ ነው? አርባ አራት ብር ከሃምሳ ሳንቲም! ወር ሙሉ ሰው ተመዝኖ፣ ባቡር ተሳፍሮ፣ በሬ ተሰቅሎ፣ ከነበርንበት ሃምሳ ሳንቲም ዝቅ አልን። ሃምሳ ሳንቲሟ ድመቷ የበላችው ናት፤ የሰው ምግብ ስላልሆነ አይታሰብም አለ። ባህረዲንም በዚያው ስሌት ወደ አርባ አምስቱ ተመለሰ፤ ብርቱካን መላኩን ግን አልተወም።

ሠራተኛው በእልልታ ተበተነ። እኔም እልል ብያለሁ፣ አልዋሽም። አቶ ፈለቀ ወደ ቢሯቸው ሲገቡ ዘወር ብለው አንድ ነገር ጨመሩ። «ለማንኛውም» አሉ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በር ላይ ፈታሽ ይቆማል። ለሁሉም እኩል ስለሆነ ቅር አይበላችሁ።»

ፈታሹ ተቀጠረ። ማታ ማታ ሰው በሰልፍ እየወጣ በየኪሱ እጅ ይገባበታል። አሸብር ሲፈተሽ ኩርኩር አለኝ እያለ ያስቃል። ዱባለ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ይቆማል፣ ይፈተሻል፣ ይወጣል። አያስቅም፣ አይቆጣም።

ከሳምንት በኋላ ጠዋት ስነሣ ከበሩ ሥር እስከ ካፖርቱ ምስማር ድረስ ጉንዳን ተሰልፏል። እኛ ቤት ጉንዳን! ካፖርቱን ብነካው ነጭ ዱቄት በእጄ ላይ ቀረ።

«ዱባለ፣ ካፖርትህን አላራገፍክም እንዴ?»

ጫማውን እያሰረ ቀና አላለም። «ለኔ ኪስ ሰው ተቀጥሮለታል» አለኝ። «እሱ ያራግፍ።»

ወጥቶ ሄደ፤ ያለ ካፖርት። እኔ ካፖርቱን ይዤ ደጅ ወጣሁ። ኪሶቹን ገለበጥኩ፣ እንደሱ በጥፊ መታኋቸው፣ እጥፋቱን ፈታሁ። ጎረቤት ምን ሆነሽ ነው ይለኛል። አራገፍኩት፤ እያለቀስኩ አራገፍኩት።